የዳንግላው ፓወር ሰፕላይ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ስልኳን ይዛ መጣችና ሁለት ፎቶ አሳየችኝ። ጌም የምትጫወትበት ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሎባታል። ባሕር ዳር ያለ አንድ ሱቅ በምትኩ የሚሆኑ ሁለት ዓይነት ልኮላታል። «አባዬ፣ የትኛው ይሻላል?» አለችኝ። እኔ ስልኩን መልሼላት፣ ጃኬቴን ደርቤ ወጣሁ። ምን አጥፍቼ ነው ብላ እናቷን ጠይቃለች አሉ። እሷ ምንም አላጠፋችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ያውም እሷ ከመወለዷ በፊት።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በመጣበት ክረምት ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ደረሰኝ፤ ጓደኛዬ ደሳለኝ አልደረሰውም። ደሳለኝ የዘንገና ልጅ ነው፣ ከሐይቁ ወዲያ ያለው መንደር። እንጅባራ ቤት ተከራይቶ ሲማር አራቱን ዓመት አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። እሱ ከቤቱ ድንችና ቆሎ ያመጣል፣ እኔ ፊዚክስ አስረዳዋለሁ። ፊዚክስ ላይ ማንም አይደርስብኝም ነበር፤ ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፣ ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

በዚያ ክረምት የመንደሩ ልጆች ወሬ ሁሉ መተማ ነበር። መጀመሪያ የሰሊጥ አጨዳ፣ ከዚያ ሱዳን፣ ከሱዳን ወዲያ ደግሞ ስሙን እንኳ በቅጡ የማይጠሩት አገር። የደሳለኝም ልብ ሸፍቶ ነበር። አባቱ አያ ታከለ ይህን አውቀዋል። ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክለው ከሰል እያከሰሉ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ እጃቸው ምንም ቢታጠብ ጥቁረቱ አይለቅም። አንድ ቀን ቤታችን ድረስ መጡና አጥሩ ሥር አስቆሙኝ።

«እኔን አይሰማኝም፤ አንተን ግን ይሰማሃል። አንድ ልጅ ነው ያለኝ። አስቀርልኝ» አሉኝ።

«እኔ እያለሁ አይስጉ፣ አያ» አልኳቸው። የዚያን ዘመን አፌን አሁን ባገኘው በጥፊ ባልኩት።

መላውን የዘየድኩት እኔው ነኝ። ወደ አዲስ አበባ የተዛወረ አንድ ሠራተኛ ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር ይሸጥ ነበር። አያ ታከለ የዓመት ከሰላቸውን ሸጠው ገዙልን። መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየን፣ ሁለት ጆይስቲክ ሰካን፣ በሩ ላይ «ጌም ቤት» ብለን በቀለም ጻፍን። እኔ ትምህርቴን ስሄድ ደሳለኝ ሊያስተዳድረው ነው። ተማሪው ተራ እየጠበቀ ኳስ ይጫወታል፣ ይንጫጫል፣ ደሳለኝ መሐላቸው ቆሞ ዳኛ ይሆናል። በውጤቱ ቀን ጠቁሮ የነበረው ፊቱ ወዝ አወጣ። «ይቺ ከያዘችልኝ መተማን አያሳየኝ» አለኝ አንድ ቀን፣ ኮምፒውተሯን በክንዱ እየጠረገ።

አንድ ወር ያህል ያዘች። ነሐሴ ሲያልቅ፣ ነጎድጓድ በበዛበት አንድ ከሰዓት ፓወር ሰፕላዩ ተቃጠለ። ከግድግዳ የሚመጣውን መብራት ለኮምፒውተሩ መጥኖ የሚያጎርሰው ያ ሳጥን ነው፤ እሱ ከሌለ ሌላው ሁሉ ድንጋይ ነው። እንጅባራን ዞርን፤ የለም። የመንደሩ ልጆች ደግሞ የሚሄዱበት መኪና ከዘመን መለወጫ በኋላ ባለው ሳምንት ቀን ተቆርጦለታል። ደሳለኝ ስለ መኪናው መጠያየቅ ጀመረ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእኔም ለአያ ታከለም ገብቶናል።

ዳንግላ አንድ ሱቅ አለ ሲሉ ሰማን። በገበያው ቀን በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን፣ እኔ፣ ደሳለኝና አያ ታከለ። መንገዱ ግራና ቀኙ እስኪያሰለች አረንጓዴ ነው፣ መስኮቱ በትንፋሻችን ታፍኗል። ዳንግላ ስንደርስ መሬቱ ጭቃ ስለነበር ጋሪ ያዝን። ቁርስ ስላልበላን ከአንዲት ሴትዮ ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዝተን ጋሪው ላይ እየላጥን በላን። ምላሴን ሲያቃጥለኝ እንኳ ይታወሰኛል። ከዚያ ወዲህ ድንች እንደዚያ ጣፍጦኝ አያውቅም፣ ተስፋ ነበረኝና።

ሱቁ ሬዲዮ፣ ባትሪና የስልክ ዕቃ የሚሸጥ ጠባብ ቤት ነው። ባለ ሱቁ ሁለት ፓወር ሰፕላይ ባንኮኒው ላይ አኖረልን።

«ይኸኛው ከቢሮ ኮምፒውተር የተፈታ ነው። ይኸኛው አዲስ ነው፣ ካርቶኑን እናንተ ናችሁ የምትከፍቱት። ዋጋቸው ብዙ አይራራቅም» አለ።

አሮጌው አቧራ ጠጥቷል፣ ጥጉ ተጣሟል፣ ጀርባው ላይ ሦስት መቶ ሃምሳ ዋት ይላል። አዲሱ ያብረቀርቃል፤ በትልቁ ስድስት መቶ ዋት ተብሎ ተጽፎበታል። አያ ታከለ ሁለቱንም በየእጃቸው አነሱ። የከሰል ጆንያ እንደሚመዝኑ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ከፍ ዝቅ አደረጓቸው። ከዚያ ለልጃቸው በአገውኛ አንድ ነገር አሉት። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ አገውኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። ስላልገባኝ ወደ እኔ ዞሩና በአማርኛ ደገሙት።

«ይኸ አዲሱ ባዶ ነው፣ ልጄ። ሆድ የለውም። ከሰልም ቢሆን ክብደት የሌለው ገና ሳትሞቀው አመድ ነው የሚሆን።»

«አያ፣ ይሄ እኮ በኪሎ አይገዛም!» አልኳቸው።

ባለ ሱቁ ሳቀ። ደሳለኝም ሳቀ። እሳቸውም አብረውን ሳቁ፣ እንደ ማፈር ብለው። እኔ መቼ በዚህ በቃኝ! ጌም ጉልበት እንደሚፈልግ፣ ስድስት መቶ ከሦስት መቶ ሃምሳ እጥፍ ሊሆን ምንም እንደማይቀረው፣ አሮጌ ዕቃ እንደሚያዋርደን አስረዳሁ። ደሳለኝ አባቱን ትከሻቸውን ነካ አደረጋቸው። «ተወው አባ፣ እሱ ያውቃል» አላቸው። አያ ታከለ አሮጌውን ቀስ ብለው ባንኮኒው ላይ መለሱት።

«እንግዲህ የተማረው ይወቅ» አሉ።

አዲሱን በጉልበቴ ላይ አቅፌ እንጅባራ ገባሁ። ሠራ። ሁለት ቀን ሙሉ እንደ ጉድ ሠራ። በሁለተኛው ቀን አያ ታከለ መጥተው በሩን ተደግፈው ቆሙና ስክሪኑ ላይ የሚሯሯጡትን ትንንሽ ሰዎች እያዩ «ኧረ ይኼ አይደክመውም!» ብለው ሳቁ። ደሳለኝ ለመንደሩ ልጆች እኔ ቀርቻለሁ ብሎ ላከባቸው።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት፣ ክፍሉ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ፣ ጠብመንጃ የተተኮሰ የመሰለ ድምፅ ጮኸና የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። ተማሪው እየተጋፋ ወጣ። ፓወር ሰፕላዩ ብቻውን አልሞተም፤ ዋናውን ሰሌዳ ማዘርቦርዱንም፣ ምስሉን የሚያወጣውን ግራፊክስ ካርዱንም ይዟቸው ሄዷል። ካርዱ መሐሉ ላይ ጠቁሮ ተሰንጥቋል። እንኳን ዳንግላ፣ ባሕር ዳርም መድኃኒት አልነበረውም።

ደሳለኝ ለአባቱ ሊነግር ሲሄድ ያንን ሳጥን ፈታሁት። ውስጡ እውነትም ባዶ ነው፤ እፍኝ የማይሞላ ዕቃና ክር የሚያህል ሽቦ። ጎኑ ላይ ከትልቁ ቁጥር በታች በደቃቅ ጽሑፍ አሥራ ሁለት ቮልት፣ አሥራ አራት አምፔር ይላል። ኮምፒውተሩ ጌም ሲያጫውት ኃይል የሚበላው በዚያ መስመር ነው። እርሳስ አንስቼ ካርቶኑ ላይ አባዛሁት፤ አንድ መቶ ስድሳ ስምንት ዋት፣ የስድስት መቶው ሲሶ እንኳ አይሞላም። ይህን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ያሰላዋል። ዳንግላ ላይ ጽሑፉ ዓይኔ ሥር ነበር፣ ግን ትልቁን ቁጥር አይቼ ጠገብኩ። ፊዚክስ የማያውቁት ሰውዬ በእጃቸው ያገኙትን እኔ በትምህርቴ አጣሁት።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ይህ ነው፤ ደሳለኝ ሲመለስ አልነገርኩትም። «መብራቱ ነው፣ ኃይሉ ሲዋዥቅ አቃጠለው» አልኩት። ካርቶኑን አጣጥፌ ከጃኬቴ ሥር ደብቄ ነበር። እሱ አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም። እንዲያውም ፊቴ ገርጥቶ ቢያይ ጊዜ «አይዞህ፣ አንተ ምን ታደርግ» ብሎ ያጽናናኝ ጀመር። በሚቀጥለው ሳምንት መኪናው ላይ ተሳፈረ፣ ከሰሊጥ አጫጆቹ ጋር። እኔም በዚያው ሰሞን ዩኒቨርሲቲ ገባሁ።

ከመተማ አንድ ጊዜ ደወለ። ከሱዳን አንድ ጊዜ። ነገ በረሃውን እንጀምራለን አለና ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ ያየውም የሰማውም የለም። አብረውት ከሄዱት ልጆች ሁለቱ ተመልሰዋል፤ መንገድ ላይ ተለያየን ይላሉ፣ ከዚያ በላይ ሲጠየቁ መሬት መሬት ያያሉ።

ቅዳሜ ለታ ከልጄ ሸሽቼ ስወጣ እግሬ እዚሁ እንጅባራ መናኸሪያው ዘንድ አደረሰኝ። ባጃጅ ያዝኩና ዘንገና ሄድኩ። አያ ታከለ አርጅተዋል፤ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ለዘር የሚሆን ድንች እየለቀሙ ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እየለቀምኩ፣ ቀና ሳልል፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። መብራት እንዳልሆነ፣ እኔ እንደሆንኩ፣ እንደዋሸሁም ጭምር።

ድንቹን መልቀም አላቆሙም።

«ያን ጊዜውንም አውቄዋለሁ» አሉኝ። «እጄ ነግሮኝ ነበር። ግን ልጄን ተማሪ ቤት የሰደድሁት እንዳንተ ያለውን እንዲሰማ አይደል? እኔስ አባት ሆኜ ያልሰማሁህ እንደሁ እሱ ማንን ይስማ?»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ የበሰበሰ ድንች ወዲያ ወርውረው ቀጠሉ።

«ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቄሱም ዘመዱም እርምህን አውጣ፣ ተዝካሩን ደግስ ይሉኛል። በሕይወት ካለ በቁሙ ልቀብረው ነው። ከሞተም ይኸው ስንት ዓመት ነፍሱን አስርቤያታለሁ። እኔ ደክሜያለሁ፣ ነገ ከነገ ወዲያ የሚያስታውሰውም የለ። አንተ የተማርህ ነህ፤ የትኛው ይሻላል?»

«አላውቅም፣ አያ» አልኳቸው።

«ግድ የለም። አስብበትና ትነግረኛለህ።»

እነሆ ሳምንት ሊሆነኝ ነው፣ ሥራም እንቅልፍም የለኝ። እውነቱን ከጠየቃችሁኝ ደሳለኝ በሕይወት ያለ አይመስለኝም፤ ካልመሰለኝም ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ይህን አንድ ቃል ብናገር ሽማግሌው በማግስቱ ጠላ ይጠነስሳሉ፣ ድንኳን ይተክላሉ፣ አንድ ልጃቸውን በእኔ ቃል ሞተ ብለው ያለቅሱለታል። ዝም ብል ደግሞ ሳያለቅሱለት ይሞታሉ። ቄሱን አላመኑም፣ ዘመዱን አላመኑም፤ ዛሬም የሚያምኑት እኔን ነው። የፊታችን ቅዳሜ ለገበያ እንጅባራ ይወጣሉ፣ በቤቴም ሳያልፉ አይቀሩም።