የእናታችን ጀርባ

ሁለት ሰዓት፣ መካኒሳ አቦ

ቅዳሜ ጠዋት ከቤት የወጣነው ሁለት ሆነን ነው፤ አባባና እኔ። ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አንድ አዳራሽ የታናሽ እህቴ የሌሊሴ ሥዕል ተሰቅሏል፤ እሱን ልናይ ነው። ለከተማ ሰው ይህ ጉዞ አይባልም። አባባ ግን እዚሁ መካኒሳ ተወልዶ፣ እዚሁ እያረሰ ያረጀ ገበሬ ነው። ፒያሳን ካየ ዓመታት አልፈዋል። ሥዕል ለማየት ብሎማ ከደጁ ወጥቶ አያውቅም።

ሌሊሴ አባባ ነርስ እንድትሆን የፈለገላትን ትታ ሥዕል ትምህርት ቤት ከገባች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። በእነዚህ ዓመታት «ትምህርት እንዴት ነው?» ብሏት አያውቅም። አብሯት ይበላል፣ ይስቃል፤ ስለ ሥዕል ግን አንድ ቃል አይወጣውም። ሐሙስ ዕለት «አባባ፣ የሣለችው እኮ እማዬን ነው» ስለው ተነስቶ ወደ ማሳው ሄደ። ዛሬ ጠዋት ግን ጋቢውን ለብሶ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። እማዬ ጉልበቷን ስላመማት ቀረች። «ደህና አድርጋችሁ አይታችሁ ንገሩኝ» አለችን።

እስከ ብስራተ ገብርኤል በእግር ሄድን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለሆነ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። አባባ ማሳ ባየ ቁጥር ቆም ይላል። «ይሄኛው ዘግይቶ ተዘርቷል» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ሰዓቴን አያለሁ።

ከብስራተ ገብርኤል ወዲያ

ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚቀመጥባት ውይይት ታክሲ ላይ በስሙኒ ተሳፈርን። ከአባባ ትይዩ የተቀመጡ፣ ዘንቢል የያዙ ሴትዮ፣

«ሐኪም ቤት ነው አባት?» አሉት።

«አይደለም። ሥዕል ልናይ ነው» አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የማን ሥዕል?»

አባባ ወደ ውጭ ተመለከተ። «የልጃቸው ነው» ብዬ እኔ መለስኩላቸው። ሜክሲኮ ላይ ወርደን ሌላ ታክሲ ያዝን፤ አራት ሰዓት ሲል ፒያሳ ደረስን።

አዳራሹ ውስጥ

ሌሊሴ በር ላይ ትጠብቀን ነበር። አባባን ስታይ ክው አለች፤ እንደሚመጣ አልነገርኳትም ነበር። ጣቶቿ ላይ ያልለቀቀ ሰማያዊ ቀለም አለ። ሌሎቹን ሥዕሎች ሳናይ በቀጥታ ወደ ራሷ ሥዕል ወሰደችን።

ሥዕሉ ላይ ያለው ወንድማችን ቶሎሳ ለብሔራዊ ውትድርና የሄደበት ጠዋት ነው። ጤፉ ደርሷል፤ ሸራው ከሞላ ጎደል ቢጫ ነው። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታን አጥሩ ሥር ቆማለች። አንገቷን ደፍታለች፤ ፊቷ አይታይም። ከማጅራቷ ተነስቶ ጀርባዋን ይዞ የሚወርድ አንድ ጥቁር መስመር አለ፤ ትከሻዋ ላይ ወፍራም ነው፣ ወገቧ ጋ ይጎብጥና ቀሚሷ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቀጥኖ ይንቀጠቀጣል።

አባባ ሥዕሉ ፊት ቆመ። ከዚያ መጀመሪያ የተናገረው ወቀሳ ነበር።

«የዚያን ቀን የለበሰችው ነጠላ ጥለቱ አረንጓዴ ነው። ቀይ አደረግሽው።»

«አረንጓዴ አድርጌው ነበር፣ አባባ። ከአጥሩ ጋር ተመሳስሎ ዓይን አልፏት ሄደ። ቀይ ሳደርገው ግን አለቀቀኝም። ያን ቀን ውስጧ የነበረው ነው ብዬ ተውኩት።»

«ጤፉስ? የደረሰ ጤፍ ያስደስታል። ይሄ ግን ይከብዳል።»

«አመድ መሳይ ቀለም ደባልቄበታለሁ። የዚያን ዓመት መኸር አስደስቶህ ነበር?»

አባባ ወደ ሥዕሉ ተጠጋ። «ቶሎሳስ የት አለ?»

ሌሊሴ ከእማዬ እግር ሥር ተነስቶ ሸራው ጫፍ ላይ የሚቋረጠውን ቀጭን መንገድ በጣቷ አሳየችው።

«ማንም የለበትም እኮ» አለ።

«ሄዷላ፣ አባባ።»

ይህን ጊዜ የካኪ ሙሉ ልብስ የለበሱ አንድ ኃላፊ ከሁለት ሰዎች ጋር ደረሱ። ከሥዕሉ ሥር ስለ ቶሎሳ መዝመት የተጻፈውን አነበቡና የሌሊሴን መምህር ጠሩት።

«ልጇን ለእናት አገር የሰጠች እናት ለምን አንገቷን ትደፋለች? ቀና ማለት ነበረባት። ይህ ይነሳ።»

መምህሩ መሬት መሬት አየ። ሌሊሴ ከንፈሯን ነከሰች። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ሥዕል በማውረድ ብቻ ላያበቃ ይችላል። አባባ ግን ጋቢውን አስተካክሎ ወደ ፊት ወጣ።

«ጓድ፣ ይቺ ሚስቴ ናት። የሄደው ልጄ ነው፤ ዛሬም ግንባር ነው። የሣለችውም ልጄ ናት» አለ። አሁን ድምፁ አዳራሹን ሞላው። «ልጁን ስትሸኝ ቀና ብላ ነው የሸኘችው፤ እኔ ነኝ ምስክሯ። የጎበጠችው እሱ ከዓይኗ ከተሰወረ በኋላ ነው። ልጅቷ የሣለችው ይህን ነው። ውሸት ነው ካሉ ይነሳ።»

ኃላፊው እንደገና ወደ ሥዕሉ ዞሩ። ዓይናቸው በዚያ ጥቁር መስመር ላይ ከላይ እስከ ታች ሲወርድ አየሁ። ስንት ደቂቃ እንደቆሙ አላውቅም።

«ይቆይ» አሉና አለፉ።

ፒያሳ፣ ከቀትር በኋላ

አንዲት ትንሽ ሻይ ቤት ገብተን በትኩስ ፓስቲ ሻይ ጠጣን። ሌሊሴ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘችው። አባባ ሁለተኛውን ፓስቲ ቆርሶ እያጎረሳት፣

«ያንን መስመር በምን አወጣሽው?» አላት።

በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ ሥራዋ የጠየቃት የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። እሷም ብሩሹን የእማዬ ትከሻ ጋ እንዴት ተጭና፣ እየወረደች ስትሄድ እጇን እንዴት እንዳቀለለች በባዶ እጇ ጠረጴዛው ላይ አሳየችው። አባባ ጣቱን አስከትሎ በዚያው መስመር ነዳ። «ከብዶሽ ነበር» አላት። እሷ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች፤ እንባዋን ላለማየት ዞር ብዬ ሌላ ሻይ አዘዝኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቤት

እስከ ዛሬ ድረስ ጥሩ ሥዕል ማለት ሰውን ቁርጥ አድርጎ ማስመሰል ይመስለኝ ነበር። መምህርት ነኝ፤ ተማሪዎቼንም እንደዚያው ብዬ ነው የማስተምረው። ሰኞ ክፍል ስገባ ግን ሌላ የምነግራቸው አለኝ፦ መስመር ክብደት ይሸከማል፤ ቀለምም ዓይን ያላየውን ይናገራል። ይህን ያስተማሩኝ ታናሽ እህቴና ፊደል ያልቆጠረ አባቴ ናቸው። ሁለቱም የእኔ በመሆናቸው ከታክሲው ስወርድ ደረቴ ተነፍቶ ነበር።

እማዬ በሩ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን። አባባ ጭቃውን እንኳ ሳያራግፍ ሁሉንም ነገራት፤ ቢጫውን፣ ቀዩን ጥለት፣ ባዶውን መንገድ። አጥሩ ሥር ጎብጣ እንደተሣለች ሲነግራት፣

«ያን ጠዋት ማንም ያየኝ አልመሰለኝም ነበር» አለች።

አባባ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ሌሊሴ አይታሻለች» አላት።