ሻይ አልጠጣም ያለችው ምራት

ሚፉዩ ሙሽራ ሆና ወደ ካታሂራዎች ቤት ስትገባ አማቷ ታኔ የተቀበለቻት «እጅሽን ታጠቢ» ብላ ነው። እጇ ንጹሕ ነበር። ታኔ ግን የበሩን መቃን ይዛ፣ አፍንጫዋን ሰቅላ፣ ለሙሽራዋ ሳይሆን ከኋላ ለቆሙት ጎረቤቶች «የያይዙ ሰው የነካው ቅጠል ዓሣ ዓሣ ይላል» አለች። ጎረቤቶቹ ሳቁ። ሙሽራው ኮሳኩም አብሮ ሳቀ። ሚፉዩ የጎረቤቶቹን ሳቅ ረሳችው፤ የባሏን ግን አልረሳችውም።

ያይዙ ወደብ ነው። አባቷ ባሕር ወጥቶ ወራት የሚከርም ዓሣ አጥማጅ፣ እናቷም በጠረፉ ላይ ዓሣ ዘርግታ የምታደርቅ ሴት ነበረች። ካታሂራዎቹ ግን ሻይ አብቃዮች ናቸው፤ የሚኖሩት ከኦኢ ወንዝ በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ ነው። ጠዋት ጭጋጉ ከወንዙ ተነስቶ የሻዩን ረድፍ ሲውጠው ከቤቱ ጣሪያ በቀር የሚታይ ነገር አይኖርም። በዚያ ቤት ውኃ ለብቻው የሚጠጣ ሰው አልነበረም። ገና ፊት ሳይታጠቡ አንድ ሲኒ ሻይ፣ ከቁርስ ጋር፣ ማሳ ላይ፣ ከምሳ ጋር፣ ከእራት ጋር፤ ያውም ለምላስ እስኪከብድ የጠቆረ አረንጓዴ። የመጀመሪያው ለቀማ ቅጠል ከተጠጣ በኋላ አተላው እንኳ አይደፋም፤ የአኩሪ አተር ስጎ ጠብ ተደርጎበት ይበላል።

ታኔ ለማንኛውም ሕመም መድኃኒቷ አንድ ነበር። ጉንፋን ለያዘው በቀዝቃዛ ሻይ አፉን ታስጉመጠምጠዋለች፤ ዓይኑ ላበጠ ሕፃን በሻይ የራሰ ጨርቅ ትጭንበታለች፤ እጁን እሳት ለለበለበው እርጥቡን ቅጠል ታስርለታለች። ሐሰት ብቻም አልነበረም። የመንደሩ ልጆች በክረምት እምብዛም አይታመሙም ነበር፤ የታኔም ጥርስ በዚያ ዕድሜዋ አንድ አልጎደለም። በግንቦት አዲሱ ቅጠል ሲደርስ ጎብኚዎች በአውቶቡስ ይመጣሉ። ያኔ የመጥመቂያውን ማንቆርቆሪያ ይዛ መሀላቸው ትቆምና ስብከቷን ትጀምራለች።

«ደም ያጠራል! የአፍ ሽታ ያጠፋል! ስብ ያቀልጣል! እርጅናን ያባርራል! አታምኑኝም? እዩኛ እኔን!»

ጎብኚዎቹ ያጨበጭባሉ። ሚፉዩ ከኋላ ሆና ሲኒ ታጥባለች።

ነገሩ የተበላሸው ልጇን ቺጉሳን ከወለደች በኋላ ነው። በወሊዱ ብዙ ደም ፈሰሳት፤ ከዚያ ወዲያ ሰው መሆን አቃታት። ቅርጫት ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ይመታል። ጥፍሮቿ ሳሱና መሀላቸው እንደ ማንኪያ ጎደጎደ። ከሁሉ የገረማት በረዶ መብላት ማማሩ ነው። በጥር ብርድ፣ ሰው ሁሉ እግሩን ምድጃ ሥር ቀብሮ ሲቀመጥ፣ እሷ ከፍሪጅ በረዶ አውጥታ ትቆረጥማለች።

«ወይ ጉድ! ምራት አመጣሁ ብዬ አይጥ አምጥቻለሁ» ትላለች ታኔ ድምፁን ስትሰማ።

«ደክሞኛል እማማ፤ ምን እንደሆንኩ አላውቅም።»

«እኔ ግን አውቃለሁ፤ ስንፍና ይባላል። ሁለት ሲኒ ጨምሪ፣ ይለቅሻል።»

ሚፉዩ ጨመረች። ታኔን ባትወዳትም ሻዩን ታምነው ነበር፤ የማያምን ሰው አጠገቧ አልነበረማ። እየጨመረች፣ እያጠቆረች ጠጣች፤ በጠጣች ቁጥር ባሰባት። በሚቀጥለው የፀደይ ለቀማ ላይ ለቃሚዎቹ ሴቶች እያዩ ከነቅርጫቷ ገደሉ ላይ ተንከባለለች። የሻዩ ረድፍ ባይዛት ወንዝ ትገባ ነበር። ታኔ መጀመሪያ ያነሳችው የተበተነውን ቅጠል ነው።

ባሏ በጭነት መኪናው ከተማ ወሰዳት። ዶክተር ኒሺና የሚሏት ጠና ያለች ሐኪም የዓይኗን ቆብ ገልበጥ አድርጋ አየችና «ይኼ የሰው ነው የወረቀት?» አለች። የደሙ ምርመራ ሲመጣ ራሷን ነቀነቀች።

«ደምሽ ብረት የለውም ልጄ። እንዴት ቆመሽ እንደምትሄጂ ነው የገረመኝ። ከምግብ ጋር ምን ትጠጫለሽ?»

«ሻይ።»

«ስንት?»

«ቆጥሬ አላውቅም።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንግዲህ ስሚኝ። ሻይ ጠላት አይደለም፤ እኔም እጠጣለሁ። ነገር ግን ያ ምላስ የሚያኮማትረው ነገሩ ምግቡ ውስጥ ያለውን ብረት ይይዝና ይዞት ይወጣል። ደሙ ለሞላ ሰው ግድ አይሰጠውም። አንቺ ግን የሚሰረቅ የለሽም። በምግብ ሰዓት ሻይ የሚባል እንዳታቀርቢ፤ እንክብሉንም በውኃ ዋጪ። ሲያምርሽ ከምግብ ርቀሽ፣ አቅጥነሽ ትጠጫለሽ።»

«አማቴ ግን ቀኑን ሙሉ ትጠጣለች፤ ምንም አትሆንም።»

«አትሆንም። መቶ ዓመት ትኖርበታለች።»

«እሱን ነው የፈራሁት» አለች ሚፉዩ። ዶክተሯ በሳቅ ፈረሰች፤ ሚፉዩ ግን አልሳቀችም።

በዚያ ምሽት እራት ቀርቦ ታኔ ሻይ ልትቀዳ ስትዘረጋ ሚፉዩ የሲኒዋን አፍ በመዳፏ ከደነችው። ታኔ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች።

«እጅሽን አንሺ።»

«ከምግብ ጋር እንዳልጠጣ ተነግሮኛል።»

«ማን ነው የነገረሽ?»

ኮሳኩ ጣልቃ ገባ። «ዶክተሯ ናት እማዬ። ብረት ምናምን ነው ያለችው...»

«ዶክተሯ ሻይ ተክላ ታውቃለች?»

«አይ፣ እሱማ...»

«እንግዲያው አንተ ዝም በል!» ወደ ሚፉዩ ዞረች። «የዚህ ቤት ሰው አያት ቅድመ አያቱ ይኼን ጠጥቶ ኖሮ፣ ይኼን ጠጥቶ ሞቷል። ላንቺ ሲሆን መርዝ ሆነ? የዓሣ ሆድ ስትዘረግፊ አድገሽ አሁን ቅጠላችን አነሰሽ?»

«መርዝ ነው አላልኩም።»

«እጅሽ ብሎታል!»

ወሬው ከዚያ ቤት እንዴት እንደወጣ አይታወቅም፤ ብቻ በሳምንቱ መንደሩን አዳርሶ፣ መልኩን ቀይሮ ተመለሰ። የካታሂራዎች ሻይ ደም ያደርቃል ተባለ። ታኔ በመንገድ ስታልፍ ሴቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ይባስ ብሎ በዚያው ግንቦት አንዲት ጎብኚ፣ ታኔ ስብከቷን ጨርሳ ጭብጨባ ስትጠብቅ፣ ሚፉዩን አየቻትና «ምራትየዋ ደግሞ እንዴት ነጣች! አንቺም ይኼን ሁሉ ትጠጫለሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

ሚፉዩ «ለጊዜው ትቻለሁ፤ ደሜ አልቋል» አለች።

እውነት ነበር። ግን እዚያ ቦታ ላይ መባሉ ታኔን በጥፊ ከመምታት አይተናነስም። አንድም ጎብኚ አላጨበጨበም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታኔ ምራቷን በስሟ መጥራት ተወች። የምትፈልገውን ሁሉ በልጇ በኩል ታሻግር ጀመር፤ ሚፉዩ እዚያው አጠገቧ ተቀምጣ ሳለች «ለሚስትህ ሩዙ አልቋል በላት» ትለዋለች። ኮሳኩም ይነግራታል። ይኼ ነበር እንግዲህ ባሏ።

በበጋው መግቢያ ላይ ግን ታኔ ያልታሰበ ነገር አደረገች። ማዕድ ቤቱን ተረከበች። «ታማለች አይደል? ትረፍ። እኔ እሠራለሁ» አለች። ሚፉዩ ግራ ገባት፤ ግን አቅም አልነበራትም፣ ተወችላት። ምግቡም ክፉ አልነበረም። ሩዙ ቡናማ ሆኖ ይቀርባል፤ የአኩሪ አተር ስጎ ያለበት መስሏታል። ሚሶ ከሚሉት የአኩሪ አተር ሊጥ የሚሠራው ሾርባም እንጉዳይ ስለሚበዛበት ትንሽ ይመራል። ከምግብ በኋላ እንክብሏን በውኃ ትውጣለች፣ ሻይ አጠገቧም አይደርስ። ሆኖም በረዶ መቆርጠሙ አልተዋትም። ሁለት ጊዜ ተመርምራ ደሙ ፈቀቅ አላለም።

ዶክተር ኒሺና በሁለተኛው ተቆጣች። «እየዋሸሽኝ ነው። ትጠጫለሽ።»

«በልጄ እምላለሁ አልጠጣም!»

«እንግዲያው ሻዩ በመስኮት ነው የሚገባው?»

ሚፉዩ በውርደት ፊቷ እየጋለ ወጣች። አውቶቡሱ ቶሎ ስለመጣ ቤት የደረሰችው ከተጠበቀችበት ሰዓት በፊት ነው። በጓሮ በር ወደ ማዕድ ቤት ገባች። ታኔ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። የሩዙ ድስት ተከፍቷል፤ ታኔ ከትልቁ ማንቆርቆሪያ የጠቆረ ሻይ እየደፋችበት ነው። ከጎን ደግሞ የተፈጨ የሻይ ዱቄት በሳህን አለ፤ ማንኪያው ሾርባው ውስጥ ተነክሯል።

ሚፉዩ ወደ ምድጃው ተራመደች። ከዚያ ድስቱን በሁለት እጇ አንስታ በበሩ ወደ ግቢ ወረወረችው። ጥሬ ሩዙ እስከ ውኃ ጉድጓዱ ድረስ ተበተነ።

«ምን እያደረግሽኝ ነው?» ብላ ጮኸች። አማቷን «አንቺ» ስትላት የመጀመሪያዋ ነበር።

ታኔ አላፈረችም፤ ማንቆርቆሪያውን እንኳ አላስቀመጠችም። «እያዳንኩሽ ነዋ! በአፍሽ እምቢ ብትዪ በሆድሽ እንዲገባልሽ!»

«እየገደልሽኝ ነው እንጂ! ዛሬ ውሸታም ተብዬ ነው የመጣሁት!»

«ሻይ ሰው አይገድልም። አለመኖሩ ነው የሚገድል!» ታኔ ደረቷን ደቃች። «በጦርነቱ ጊዜ ስኳር ድንች ትከሉ ብለው ማሳችንን አስነቀሉን። የበኩር ልጄ ሆዷን ታማ በእጄ ላይ ስታልቅ እዚህ ቤት አንዲት ቅጠል አልነበረችም። አንዲት! አንቺ ምን ታውቂያለሽ?»

ስለዚያች ልጅ ሚፉዩ ሰምታ አታውቅም ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ምናልባት ትቀመጥ ነበር፣ ምናልባትም እጇን ትይዛት ነበር። ያን ቀን ግን ውሸታም መባሏ ገና አልበረደላትም።

«ስለሞተችው ልጅሽ እኔን ልትቀብሪኝ ነው?» አለች።

ታኔ ማንቆርቆሪያውን ወረወረችባት። ግድግዳውን ነው የመታው። ሚፉዩ ቺጉሳን አዝላ በመጣችበት አውቶቡስ ወደ ታች ወረደች።

ያይዙ ስትደርስ እናቷ ብዙ አልጠየቀቻትም። ጉበት፣ ክላም የሚሉትን ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ፣ የዓሣውን ቀይ ሥጋ ጎን ለጎን ደርድራ አቀረበችላት፤ ከሱ ጋር ውኃ ብቻ። መጀመሪያ በረዶው ማማሩን ተወ፤ ቀጥሎ ከንፈሯ ቀላ፤ ቅጠል በሚረግፍበት ወራት የወደቡን ደረጃ ልጇን አዝላ ሳታርፍ ወጣች። ደረጃው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከደስታ ይሁን ከንዴት ራሷም አልለየችውም።

ኮሳኩ ሊወስዳት የመጣው ዘግይቶ ነው። በእጁ የቤታቸውን ሻይ በቆርቆሮ ይዟል፤ ስጦታ መሆኑ ነው። የሚፉዩ እናት ቆርቆሮውን አየችና «ልጄን ልትወስድ ነው ወይስ ልትጨርሳት?» አለችው። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ናፍቀሽኛል» አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ።

«ሙሽራ ሆኜ ስገባ ሳቅህ» አለችው። «እናትህ ስታንቋሽሸኝ ዝም አልክ። አሁን ደግሞ ናፈቅኩህ። የራሴ ምድጃ፣ የራሴ ድስት፣ የራሴ ቁልፍ ያለው በር ካለ እመጣለሁ። ከሌለ ቆርቆሮህን ይዘህ ሂድ።»

ሠራላት። ማዕድ ቤቱን በሳንቃ ለሁለት ከፈለው። መዶሻው በወረደ ቁጥር ታኔ ከወዲያ ማዶ «ምታው! ምታው! ሚስማሩን እናትህ አናት ላይ ምታው!» ትል ነበር። እሱ ግን አላቆመም፤ ሚፉዩ ይህን አየችለት።

እንደዚያ ሆነው ዓመታት ኖሩ። ሁለት ምድጃ፣ ሁለት ጭስ። ሚፉዩ ጉልበቷ ሲመለስ በለቀማ የሚቀድማት ጠፋ፤ ታኔ ይህንንም «ባሕር ላይ መረብ የጎተተ ዘር ነው» ብላ አናናቀችው። ሚፉዩ ሻይ መጠጣትም ጀመረች፤ ከምሳ ርቃ፣ አቅጥና፣ ብቻዋን በረንዳው ላይ። ጣፈጣት። ይህን ግን ለታኔ ከምትናገር ምላሷን ብትቆርጥ ትመርጣለች።

ታኔ ስታረጅ እንቅልፍ አጣች። የሚፉዩን ኮቴ ሰበብ አደረገች፤ የቺጉሳን ሬዲዮ ሰበብ አደረገች። ዶክተር ኒሺና ቤት ድረስ መጥታ፣ ዓይኗን የሚያስፈጥጠው ከቀትር በኋላ የምትጠጣው ሻይ መሆኑን ነገረቻት። ታኔ «የዓሣ ገበያ ሐኪም!» ብላ አባረረቻት፤ እስከ መጨረሻዋም አመሻሽ ላይ ጠጣች፣ እስከ መጨረሻዋም ሳትተኛ ተራገመች። ዘጠና ሦስት ዓመቷ ሞላና ጥርሷ እንደተደረደረ ሞተች። መንደሩ ሻዩን አመሰገነ። ሚፉዩ ለቀስተኞቹን አስተናገደች፤ እንባ ግን አልወጣትም፤ ለማስመሰልም አልሞከረችም።

ዛሬ በግንቦት አውቶቡሱ ሲመጣ በጎብኚዎቹ መሀል የምትቆመው ሚፉዩ ናት። ስብከት የላትም። «ጥሩ ነገር ነው፤ ጠጡ» ትላቸዋለች። «ደም ያነሰው ከምግብ ጋር አይጠጣ፤ እንቅልፍ የሚወድ ከቀትር በኋላ ይተው። ከበሽታ የሚያድን ሻይ የሚፈልግ ካለ እዚህ የለም።» ከጎብኚዎቹ አንዳንዶቹ ቅር ይላቸዋል። አንዷማ «የቀድሞዋ አሮጊት ትሻል ነበር» ስትል ሚፉዩ ሰምታታለች። «መቃብሯ ከኮረብታው በላይ ነው፤ ሄደሽ ጠይቂያት» አለቻት።

በአገሩ ልማድ ከቤተሰቡ ሟቾች ምስል ፊት ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያውን ሲኒ ማስቀመጥ የቤቱ ምራት ሥራ ነው። ሚፉዩ አንድም ቀን አጓድላ አታውቅም። ታኔ እንደምትወደው አጥቁራ ትቀዳዋለች፤ ሲኒውን ጠብታው ተርፎ ጠረጴዛውን እስኪያርስ ድረስ ጓ አድርጋ ታስቀምጠዋለች፤ ጸሎት አትጸልይም። ከዚያ በሯን ዘግታ ቁርሷን በውኃ ትበላለች።