ስማችን ሲቀያየር ድራም የመታልን ሰው

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሠርግ በሚያጫውት ባንድ ውስጥ ኪቦርድ እጫወት ነበር። ድራም የሚመታልን የሰፈሬ ልጅ፣ ጓደኛዬ ነው። አመታቱን የወረሰው መንዙማ ላይ ድቤ ይመቱ ከነበሩት አባቱ ነበር። የመጀመሪያውን ምት ባዶ ይተውና ሁለተኛው ላይ ያርፋል። አምባሰል እንኳ በዚህ አመታት ሲጫወት ሽማግሌዎቹ ትከሻቸውን መያዝ ያቅታቸዋል። አዲስ ዘፋኝ ግን ግራ ይጋባል።

«እኔን አትጠብቅ፤ ዝም ብለህ ዝፈን፤ እደርስብሃለሁ» ይለው ነበር።

መጀመሪያ የምንጠራው በሐይቁ ስም ነበር። ለውጥ መጣ ሲባል «አዲስ ተስፋ» ተባልን፤ ከሠርግ ይልቅ ስብሰባ ማድመቅ በዛ። ጦርነቱ ሲጀመር «ደጀን» ሆንን፤ ሥራችንም ዘማች መሸኘት ሆነ። አንድ ቀን ከሚሸኙት መካከል የጓደኛዬን ታናሽ ወንድም ቆሞ አየሁት። ጓደኛዬም አይቶታል። አውቶቡሱ ከዓይን እስኪሰወር መምታቱን አላቆመም። ከዚያ ወዲህ የልጁ ወሬ ጠፋ።

ውጊያው ወደ ሐይቅ ሲቀርብ እኛ በእግራችን ወደ ደሴ ሸሸን። ጓደኛዬ ቀረ።

«እናቴ ከአልጋ አትነሳም። ለማን ጥያት ልሂድ?» አለኝ።

ስንመለስ የቀረ ሁሉ ይጠረጠር ነበር። እሱንም ከተማዋን ይዘው ለነበሩት ታጣቂዎች ድራም መታላቸው አሉት። ሄጄ ጠየቅኩት።

«ወላሂ እውነት ነው። ቤት ድረስ መጡ፤ ምታ አሉኝ። እናቴ ውስጥ ተኝታ ትሰማለች። መታሁ።»

የባንዱ ሰዎች ተሰበሰብን። እሱ ካለ ማንም አይጠራንም ተባለ። ሌላ ስምም ወጣልን፣ «ሰላም»። የእኔን ሐሳብ ሲጠይቁኝ አቀርቅሬ «እናንተ እንዳላችሁ» አልኩ። መልእክቱን እንዳደርስ የተላክሁትም እኔው ነኝ።

ስገባ እናቱን አጥሚት በማንኪያ እያጠጣ ነበር። ዞር ሳይል ሰማኝ።

«ማን አላችሁት ስሙን?»

ነገርኩት።

«ጥሩ ነው» አለና አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረገላቸው።

እናቱ ብዙም አልቆዩ፤ ሞቱ። ቀብር ላይ አፈር ስንመልስ ጎን ለጎን ነበርን። ሳምንት ሳይሞላ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ መውጣቱን ከጎረቤት ሰማሁ። ባሕሩን ይሻገር አይሻገር እስከ ዛሬ የሚነግረኝ አላገኘሁም። እኛም በአዲሱ ስም ሁለት ሠርግ ተጫውተን ተበተንን።