የእህቴ ባል ያሳመረው ስክሪን

የእህቴን ባል መሥሪያ ቤቱ «አሳምሬ» ይለዋል፤ እሱ ሙገሳ ይመስለዋል። ሥራው መድኃኒት በሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ አለቆች ሪፖርት የሚያዩበትን የሶፍትዌር ገጽ ማሻሻል ነው። ማሻሻል የሚለው እሱ ነው፤ እኔ ቀለም መቀባት እለዋለሁ።

ድሮ ገጹ ተራ ሰንጠረዥ ነበር። በአንዱ ቅርንጫፍ መጋዘን መድኃኒት ሊያልቅ ሲል መስመሩ ቀይ ይሆናል፤ በቃ። አላፊ አግዳሚው እንኳ ይገባዋል። ሥራ አስኪያጁ ግን «ይሄ ቀይ ቀይ ነገር ስብሰባዬን ይረብሸዋል» አሉ። የኛ ሰው አለቃ ሳያስነጥስ መሐረብ ይዞ የሚሮጥ ነው። መጀመሪያ ቀዩን ሮዝ አደረገው፣ ከዚያ ግራጫ። በመጨረሻ ሰንጠረዡን አንስቶ አንድ ትልቅ አረንጓዴ ክብ አስቀመጠ። ክቡ የሁሉንም ቅርንጫፍ አማካይ ይዞ «ጥሩ» ይላል። አንዱን ቅርንጫፍ ለብቻው ለማየት ጥግ ላይ ያለች ቅንጣት የምታህል ቀስት መጫን ያስፈልጋል። ቀስቷን የሚያውቋት እሱና እግዜር ናቸው። ለዚህ ተጨብጭቦለት ዕድገት አገኘ።

እህቴ የዚያው ድርጅት የአንዱ ቅርንጫፍ መጋዘን ኃላፊ ነበረች። ከጽዳት ሠራተኝነት ተነስታ፣ ማታ ማታ ተምራ የያዘችው ቦታ ነው። ከባሏ ይልቅ ለሥራዋ ትሳሳለች፤ አልፈርድባትም።

የስኳር መድኃኒት ሊያልቅባት ሲል የቀረውን መጠን በየጠዋቱ ሲስተሙ ላይ አስገባች። ዋናው መሥሪያ ቤት ስትደውልም «ሲስተም ላይ እናየዋለን» አሏት። አዩት፤ ጥሩ ይላል። መድኃኒቱ አለቀ፣ ሕመምተኞች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፣ እህቴም ተጠራች።

ሥራ አስኪያጁ ስክሪኑ ፊት አቁመው «ለምን አላሳወቅሽም?» አሏት።

«በየቀኑ አስገብቻለሁ ጌታዬ።»

«ታዲያ ይሄ ጥሩ የሚለው ምንድነው?»

አሳምሬን አስጠሩት። ማውዙ እጁ ላይ ነው። ቀስቷን ቢጫናት ሚስቱ ትድናለች፤ አለቃው ግን ያፍራሉ። ዓይኑን በጨው ታጥቦ «ሲስተሙ የገባለትን ነው የሚያሳየው» አለ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የኛው ደግሞ ለጅቡ ወንበር ሳበለት።

እህቴ ከሥራ ተሰናበተች። ልብሷን ሰብስባ እኔ ዘንድ መጣችና ይግባኝ ጠየቀች። ያላት ማስረጃ በየጠዋቱ ያስገባችው መረጃ ብቻ ነበር።

ይግባኙ ሊታይ አንድ ቀን ሲቀረው አሳምሬ ላፕቶፑን አቅፎ መጣ። እግሯ ላይ ሊወድቅ መስሎኝ በሩን ከፈትኩለት።

«እትዬ፣ አንዴ ላናግራት» አለኝና ላፕቶፑን ፊቷ ዘረጋ። «ሰው እንዳያማሽ ብዬ አንቺ ያስገባሽውን መረጃ በሙሉ ሰረዝኩት። ከእንግዲህ የትም አይታይም።»

እህቴ «እና ነገ ምን ላሳያቸው?» አለችው።

«ገጹን አሳዪያቸዋ» አለ፤ «አሁን በጣም አምሯል።»