የግድግዳ ጋዜጣው ስለ እኔ የጻፈው

በደርግ ዘመን ዳባት ላይ የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር አድርገው መረጡኝ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ያላት እናት ልጇ ለብሔራዊ ውትድርና ባይወሰድባት ይሻላል አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ቀበሌው በር ላይ በሚለጠፈው የግድግዳ ጋዜጣ ስሜ በቀይ ቀለም ወጣ። «ለወንበዴ ስንቅ አቀባይ» ይላል። ከዚያ በኋላ ገበያ ስወጣ የመረጡኝ ሴቶች ሲያዩኝ መንገድ ይቀይሩ ጀመር። አንዷማ እግሬ ሥር ምራቋን እንትፍ አለች። ቤቴ በድንጋይ ተደበደበ፤ ልጄም ትምህርት ቤት መሄድ ፈራች።

ጋዜጣውን የሚጽፈው የልጄ አስተማሪ መሆኑን አውቅ ስለነበር ቤቱ ድረስ ሄድኩ።

«ለማን ስንቅ ሳቀብል አየኸኝ?» አልኩት።

«እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ? ተጽፎ ነው የሚሰጠኝ። የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ገልብጥ ይሉኛል።»

«ውሸት መሆኑን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አለኝ። ይህን ሲለኝ የተማሪዎቹን ደብተር ማረሙን እንኳ አላቋረጠም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ከሊቀ መንበርነቴ አወረዱኝ። ትውረድ የምትሉ እጅ አውጡ ሲባል አዳራሹ ሙሉ እጁን አወጣ። ከዚያም ደባርቅ ወስደው ሁለት ሳምንት አሰሩኝና ማስረጃ ሲያጡ ለቀቁኝ። ጋዜጣው ስለ መፈታቴ አንድ ቃል አልጻፈም። አስተማሪው መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኝ ነበር። አንድም ቀን አልመለስኩለትም፤ ዛሬም ባገኘው አልመልስለትም።