የኖርበርት ጆሮ

ኖርበርት ቮይቺክን የጭስ ማውጫ ቱቦ አጣፊ ነው ብሎ ማለፍ ሰውየውን ማሳነስ ይሆናል። ዲትሮይት አጠገብ ፖንቲያክ ከተማ ካለችው ጠባብ ጋራዡ የሚወጣ ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪና ድምፁ ለብቻው ነው። ሲነሳ ያጓራል፣ ቆሞ ሲጠብቅ ያንኮራፋል፣ ነዳጅ ሲረገጥለት ደግሞ ሆድ ዕቃ ያነቃንቃል፤ ግን አይጮህም። "መጮህማ የተበሳ ማርሚታም ይጮኻል" ይላል ኖርበርት በንቀት። በዚያ አካባቢ ሰው መኪናውን የሚወደው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ስለሆነ፣ ኖርበርትን ከዲትሮይት እስከ ፍሊንት የማያውቀው የለም። ስሙንም ትተው "ጆሮው" ነበር የሚሉት።

የሚበይድለት ሮስኮ ነው። ቱቦው የት እንደሚታጠፍ፣ ግራና ቀኙ የት ተገናኝተው ትንፋሽ እንደሚለዋወጡ ኖርበርት ይወስናል፤ ሮስኮ ያጋጥማል። የሮስኮ ብየዳ በልብስ ስፌት መኪና የወጣ ይመስላል። ሁለቱም በዚያች ጋራዥ ውስጥ ሸበቱ፤ ሲሰዳደቡ ውለው ማታ በአንድ መኪና ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ኖርበርት ለማንም ያልተናገረው አንድ ነገር ነበር። ጆሮው ከድቶታል። ግራው ጨርሶ ደንቁሯል፤ ቀኙም ቅርብ ካልሆነ አይይዝለትም። ዕድሜ ልኩን ሞተር ሥር ተጋድሞ የኖረ ሰው ሌላ ምን ይጠብቃል! እሱ ግን ለሚስቱ ለዶሎረስ እንኳ አልነገራትም። መኪና ሲፈትሽ ከወንበሩና ከመሪው በሚመጣው ንዝረት እየገመተ፣ ከንፈር እያየ እየመለሰ ኖረ። ማንም የጠረጠረው አይመስለውም ነበር።

በግንቦት ጃኒን ፕሩት መጣች። የተማሪ አውቶቡስ ሹፌር ናት፤ ስትመኘው የኖረችውን ቀይ መኪና ገዝታ ሙሉ የጭስ ማውጫውን ኖርበርት ጋ ካሠራች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው።

"ኖርበርት፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ንብ ለቀህብኛል" አለችው። "ከተማ ውስጥ ሙዚቃ ነው፣ እግዜር ይስጥህ። አውራ ጎዳና ላይ ወጥቼ ፍጥነቴን ስይዝ ግን እምምምም ይልብኛል። ቶሌዶ እናቴ ጋ እስክደርስ ራሴ ሊፈነዳ ነው።"

በሽታው የታወቀ ነው፤ መድኃኒቱም እንዲሁ። ከዋናው ቱቦ ጎን ጫፏ የተደፈነ አጭር ቱቦ ይበየዳል። ርዝመቷ ከጉምጉምታው ጋር ከገጠመ ድምፁ ገብቶባት ሲመለስ ራሱን በራሱ ያጠፋል። ኖርበርት ርዝመቷን የሚለካው እየነዳ፣ እያዳመጠ ነበር። አብሯት አውራ ጎዳና ወጣ።

"ይኸው! ይኸው መጣ! ሰማኸው አይደል?" አለች ጃኒን።

"ሰማሁት እንጂ" አለ ኖርበርት። ምንም አልሰማም። ወንበሩ ሲንቀጠቀጥ ተሰማውና መንገዱ ነው ብሎ ተወው።

ወደ ጋራዡ እስኪመለሱ ላብ አጠመቀው። ያልሰማውን ድምፅ በምን ይለካዋል? አልሰማሁም ካለ ደግሞ ስሙም ጋራዡም አለቀላቸው። ጃኒን መኪናዋን አቁማ ዓይን ዓይኑን ስታየው፣ አፉ ከሐሳቡ ቀደመ።

"ብየዳው ነው" አለ። "ሮስኮ! መጋጠሚያው ጋ ክፍተት ትተሃል።"

ሮስኮ ከሌላ መኪና ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆመ። ጃኒንን አየ፤ ኖርበርትን አየ። ኖርበርት ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን መፍቻዎች ይቆጥር ጀመር።

"ሊሆን ይችላል" አለ ሮስኮ። "ልየው።"

እንከን የሌለውን ብየዳውን በገዛ እጁ ቆርጦ እንደገና በየደው።

"አንተ ሰውዬ፣ መነጽር ቀይር" አለችው ጃኒን።

"ለልደቴ ትገዢልኛለሽ" ብሎ ሳቀ ሮስኮ።

ኖርበርት ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ጉምጉምታው እርግጥ አልጠፋም። ጃኒንም ራሷን በያዘች ቁጥር የሮስኮ እጅ ደከመ እያለች ላገኘችው ሁሉ አወራች። ብየዳ የሚያሠሩ ሰዎች "ሮስኮ ነው የሚሠራው?" ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ኖርበርት ይህን በሰማ ቁጥር ነገ እነግረዋለሁ ይላል። ነገ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገ ያገኛል። ማታ ማታ ሮስኮ መኪና ውስጥ እንደ ወትሮው ሲቀልድበት ፊቱን ወደ መስኮት ማዞር ልማዱ ሆነ።

ነሐሴ ገባ። በየዓመቱ በነሐሴ አንድ ቅዳሜ በሚደረገው የመኪና ትርኢት የአካባቢው ሕዝብ ታጣፊ ወንበሩን ይዞ ውድዋርድ ጎዳና ዳር ይሰየማል፤ መኪኖቹ ሲመላለሱ ያያል፣ ያዳምጣል። የኖርበርት ወንበር ግን ጀርባው ለመንገዱ ነው። የቆየ ጨዋታ ነው፦ መኪና በኋላው ሲያልፍ ምንነቱን በድምፁ ብቻ ይናገራል፤ ሰዉ ያጨበጭባል። ያን ቅዳሜም ተከበበ። ጃኒን ሆት ዶጓን እየበላች ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች፤ ሮስኮ አጠገቡ ቆሟል። በእግሩ ሥር በሚመጣው ንዝረት ሁለት ሦስቱን አገኘ። ከዚያ አንድ ደብዛዛ ጉርምርምታ መጣ።

"ባለ ስምንት!" አለ ጣቱን ቀስሮ። "አዲስ ነው፤ ሞተሩም ጤነኛ ነው።"

ሳቁ ፈነዳ። ያለፈው የኤሌክትሪክ መኪና ነበር፤ ጉርምርምታው የሚወጣው ኋላው ላይ ከተሰካ ድምፅ ማጉያ ነው። ሞተር የሚባል የለውም! "ማርሽ ሲቀይር የማይተነፍስ ድምፅ ውሸት ነው" ብሎ ሰውን ሲያስተምር የኖረው ራሱ ኖርበርት ነበር።

"ምን ያስቃችኋል?" አለ ሮስኮ። "እኔም ባለ ስምንት ነው ብዬ ነበር። ማንንም ያታልላል።"

ሳቁ ወደ ሮስኮ ዞረ። "ብየዳውም ሄደ፣ ጆሮውም ሄደ!" አለች ጃኒን አፏን እየጠረገች። "ሮስኮ፣ እስቲ ምን ቀረህ?"

ሮስኮ ትከሻውን ነቅንቆ ፈገግ አለ። ኖርበርት ያን ፈገግታ ሲያይ ገባው። ይኼ ሰው አሁንም እየሸፈነለት ነው። ከዚህ በላይ መሸከም አቃተው፤ የሮስኮን ክንድ ጎትቶ ጎንበስ አደረገውና በሹክሹክታ ነገረው። ሹክሹክታ ነው ብሎ አስቦ ነበር። ግን ሰውየው የገዛ ድምፁን አይሰማም፤ መንገዱም በዚያች ሰዓት መኪኖቹን የትራፊክ መብራት ይዟቸው ባዶ ሆኖ ነበር።

"ብየዳህ ምንም አልነበረበትም! የደነቆርኩት እኔ ነኝ! የጃኒንን መኪና ሳልሰማው ነው በአንተ ያላከክሁት!"

ቀና ሲል ሰዉ ሁሉ አፉን ከፍቶ ያየዋል። ጃኒን የያዘችውን ሆት ዶግ ጭኗ ላይ አስቀምጣለች። ያን ጊዜ ነው ምን ያህል እንደጮኸ የገባው፤ ፊቱ እስከ አንገቱ ቀላ።

ሮስኮ ወደ ቀኝ ጆሮው ተጠጋ። የትኛው ጆሮው እንደሚሰማ ያውቃል።

"ቶሌዶ ድረስ ተሰምተሃል" አለው። ቀጥሎም፦ "ከካቻምና ጀምሮ አውቃለሁ። አንተ ምሳ ስትወጣ መኪኖቹን እየነዳሁ የጎን ቱቦዋን በልኳ እቆርጥላቸው ነበር። ጃኒን መኪናዋን የወሰደች ቀን ልጄን ልድር ሄጄ ነበር እንጂ። ከዚያማ ብየዳው ነው ካልክ፣ ቱቦዋን ብጨምር አንተን ማጋለጥ ነበር።"

ኖርበርት በእነዚያ ዓመታት ያን ሁሉ ምስጋና እንዴት ደረቱን ነፍቶ እንደተቀበለ አሰበ። ስንቱ ትከሻውን መታ መታ አድርጎታል! ሮስኮ ደግሞ አጠገቡ ቆሞ አብሮ ያጨበጭብ ነበር።

መብራቱ ለቀቀ። መኪኖቹ እየጎረመረሙ መጡና አንዱ በኋላው አለፈ፤ ሰዉም በልማድ ወደ እሱ ዞሮ ጠበቀ። ኖርበርት ከወንበሩ ተነሳ።

"እሱን ጠይቁት" አለና ሮስኮን አስቀመጠው።