ደረቁ ፎጣ

ፌርፋክስ መንገድ ላይ አንዲት ሴት የፀሐይ መከላከያ ሰንስክሪን ተቀብታ በአጠገቤ ስታልፍ ሽታው ማሊቡ ባሕር ዳር ወሰደኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ታክሲ የሚነዱት ጎረቤታችን ጋሼ ታደሰ በሁለት ትልልቅ ቤቶች መካከል ባለ ጠባብ መተላለፊያ አሳልፈው እርጥቡ አሸዋ ላይ አስቀመጡኝ። ቀሚሴ ወዲያው ራሰ። ከኋላችን፣ ከአንደኛው ቤት በረንዳ ሥር፣ አንዲት እኩያዬ ደረቁ አሸዋ ላይ ቢጫ ፎጣ አንጥፋ ተኝታለች።

«እኛስ ለምን እዚያ አንቀመጥም?» አልኳቸው።

«ደረቁ ፕራይቬት ነው። ውሃው የነካው ግን የሕዝብ ነው፤ ሶ፣ ማንም አያስነሳሽም» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ባሕሩን ረሳሁት። ማዕበል በመጣ ቁጥር ዓይኔ ፎጣዋ ላይ ነበር። አንዱ ማዕበል ጫፉን ሊነካ ሲል ተመለሰ። ልጅቷ ዓይኗንም አልገለጠችም።

ሴትዮዋ መንገዱን ተሻግራ ሄዳለች። እኔ ግን አሁንም እዚያው ነኝ፤ ያ ማዕበል አንድ ስንዝር ቢጨምር ምን ነበረበት?